ቅጠልና እንጨት የሚመስሉ እንስሳትን እንዴት እናገኛለን? ከጓሮ እስከ ጫካ ዳር

ፎቶዎቼን ያየ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «እነዚህን የት ነው የምታገኛቸው? እኔ ጓሮዬን ባስስ ባስስ አንድም አላገኘሁም።» ጥያቄው ስለበዛ መልሱን ከነአሠራሩ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሎሚ ያለበት ግቢ፣ ግራር ያለበት የማሳ ዳር ወይም ቁጥቋጦ ያለበት ዳገት ይበቃል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ እንስሳውን አትፈልጉ። ቅጠል መስሎ የሚኖር ፍጥረት በሕይወት የሚቆየው ወፍ እያየችው ስታልፈው ነው። ወፍ ያላገኘችውን የእኛ ዓይን በአንድ ጊዜ አያገኘውም። መፈለግ ያለባችሁ ተክሉ ላይ ያለውን ስህተት ነው፦ ያለቦታው የወጣ ቅርንጫፍ፣ ዛሬ የተበላ ቅጠል፣ ጉንዳን የሚመላለስበት እሾህ፣ ዝንብ አርፋበት ያልተነሳችበት አበባ። ሁለተኛው ቁልፍ ሰዓት ነው። የአብዛኞቹ መደበቂያ የሚሠራው በቀን ብርሃን ነው። ማታ ባትሪ ስታበሩባቸው ብዙዎቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

የት ማንን እንጠብቅ?

የትኛው ተክል ላይ ማንን እንደምትጠብቁ አውቃችሁ ከወጣችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ሎሚና ብርቱካን ላይ የሎሚ ቢራቢሮን ትል ታገኛላችሁ። ይሄ ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው ነው። ትሉ ትንሽ ሳለ ቡናማና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ ይመስላል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆንና ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። ወደ ቢራቢሮ ከመለወጡ በፊት የሚታሸግበት ሽፋን፣ ፑፓው ማለት ነው፣ ጅራቱን በሐር ለጥፎ ወገቡን በቀጭን ክር አስሮ ይቀመጣል። አረንጓዴ ግንድ ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ደረቅ እንጨት ወይም ግድግዳ ላይ ሲሆን ቡናማ።

ግራር ላይ ሦስት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ እሾህ የሚመስሉ ትንንሽ ነፍሳት፤ ጀርባቸው ወደ ላይ ሾሎ የወጣ ነው። ሁለተኛ፣ ቁርጥራጭ ጭራሮ በሐር አጣብቆ ከረጢት ሠርቶ ውስጡ የሚኖር ትል። ሦስተኛ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ የሚመስል ትል።

ቀጋ፣ የጫካ እንጆሪና የጓሮ ጽጌረዳ ላይ እንጨት መሳይ ነፍሳትን ፈልጉ። ሰዎች ቤት ውስጥ የሚያረቧቸው ብዙ ዓይነቶች የእነዚህን ተክሎች ቅጠል ስለሚበሉ እኔ ፍለጋዬን ከእነሱ እጀምራለሁ። በዓለም ላይ ከ3000 በላይ የእንጨት መሳይ ዓይነቶች አሉ። ከክብሪት እንጨት የማይበልጡም፣ ከክንድ የሚረዝሙም አሉባቸው።

ረጅም ሣር ውስጥ ፊቱ ሾጣጣ የሆነ ፌንጣ አለ። አረንጓዴ ከሆነ እርጥብ ሣር፣ ገለባ መሳይ ከሆነ ደረቅ ሣር ይመስላል። አበባ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ሸረሪትና ማንቲስ፣ የፊት እግሮቹ ወፍራምና እሾሃማ የሆኑ አዳኝ ነፍሳት፣ ይቀመጣሉ። «የሰይጣን አበባ» የሚባለው ትልቁ ማንቲስ ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ይኖራል። እሱን ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፤ በሸረሪቱ ብትጀምሩ ይሻላል። የረገፈ ቅጠል ውስጥ በበጋ ደረቅ ቅጠል የምትመስል ቡናማ ቢራቢሮ ታርፋለች። ቁጥቋጦ ላይ እስስት አለች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የግንባር ባትሪ። ሁለት እጃችሁ ነጻ ይሆናል። ብርሃኑም ከዓይናችሁ አጠገብ ስለሚወጣ የሸረሪት ዓይን መልሶ ያበራላችኋል።
- ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ከጎን ለማብራት።
- አልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ካገኛችሁ። የብር ኖት መፈተሻው ዓይነት፣ 395 ናኖሜትር የሚል የተጻፈበት ይበቃል።
- ነጭ አንሶላ ወይም ፈካ ያለ ቀለም ያለው ጃንጥላ።
- የክንድ ርዝመት ያላት ዱላ።
- ለስላሳ የቀለም ብሩሽ።
- ማጉያ መነጽር። ከሌለ የስልክ ካሜራ።
- ሶፍት፣ ደብተር፣ እርሳስ፣ ቁራጭ ክር ወይም ሪባን።
- ቦቲ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ።

ከመውጣታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

እባብ። ሐረግና ቀንበጥ መስሎ የሚኖረው ነፍሳት ብቻ አይደለም። ቡምስላንግ የሚባለው የአፍሪካ የዛፍ እባብ ቅርንጫፍ ላይ ተጋድሞ ዝም ይላል። መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ምልክቱም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «አላመመኝም» ብሎ ቤት መቀመጥ የለም፤ የተነደፈ ሰው ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሕጉ ቀላል ነው፦ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ዓይናችሁን አስገቡ። በባትሪ ያላያችሁትን ቅርንጫፍ አትጨብጡ።

ጅብ። በከተማ ዳርቻና በጫካ ዳር ማታ ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ውጡ፤ የት እንደምትሆኑም ለቤተሰብ ንገሩ።

ተክሉ ራሱ። ሳማ እንደሚለበልብ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቁልቋልና ቅንጭብን ነው። ነጭ ወተታቸው ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። እነዚህን በዱላ አትምቱ፤ ከሥራቸው ቆማችሁም ወደ ላይ አታንጋጡ።

አባ ጨጓሬ። ጸጉራም ትል በባዶ እጅ አይነካም። ጸጉሩ ቆዳ ያሳክካል፤ ዓይን ከገባም የባሰ ነው።

አልትራቫዮሌት ባትሪ። ወደ ሰው ፊት አይበራም፤ ለልጆችም አይሰጥም።

ፈቃድ። ፓርክና ጥብቅ ደን ከሆነ በር ላይ ጠይቁ። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን የመሳሰሉ ቦታዎች ለቀን ፍለጋ ጥሩ ናቸው፤ ለማታው ግን ግቢያችሁ ይሻላል። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ ደን ብዙ ነፍሳት ይኖሩበታል። እዚያ ለመግባት ደግሞ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፤ በቅዳሴ ሰዓት አትሂዱ፤ ቅርንጫፍም አትምቱ።

አሠራሩ

1. ጊዜውን ምረጡ። ክረምቱ ከገባ በኋላ ባሉት ሳምንታትና በመስከረምና ጥቅምት ውጡ። ቅጠል በሊታዎች የሚበዙት ለምለም ቅጠል ሲኖር ነው፤ ክረምቱ ሲያልቅም ብዙዎቹ አድገው ትልልቅ ስለሚሆኑ ለማየት ይቀላሉ። በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ያላችሁ የበልጉንም ጊዜ ተጠቀሙበት። ከሰዓቱ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ያለው ይመረጣል። ነፋስ ካለ ይቅርባችሁ። ነፋስ ሲኖር ሁሉም ነገር ስለሚወዛወዝ የእንስሳውን እንቅስቃሴ ከቅጠሉ መለየት አትችሉም። እንጨት መሳዮቹ ራሳቸው በነፋስ እንደሚወዛወዝ ቀንበጥ እየተወዛወዙ ነው የሚራመዱት።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ ላላችሁ አንባቢዎች፦ እናንተ ጋ ያለው የተለመደ እንጨት መሳይ የኦክ ዛፍ ቅጠል ይወዳል። አድጎ የሚታየው ከኦገስት ጀምሮ እስከ ቅዝቃዜው መግቢያ ነው። የቀረው አሠራር ያው ነው።

2. በቀን ሄዳችሁ ተክሉን ምረጡ። ጫካውን ሁሉ አትዙሩ። አንድ ሁለት ተክል ብቻ ያዙ። የምትመርጡት በሁለት ምልክት ነው። የመጀመሪያው የተበላ ቅጠል ነው። ጠርዙን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የተበላው ቦታ አሁንም አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሊታው ሩቅ አይደለም። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ቆይቷል፤ እዚያ ጊዜ አታጥፉ። ሁለተኛው ኩስ ነው። የትል ኩስ እንደ ደቃቅ ጥቁር ፍሬ ቅጠል ላይና መሬት ላይ ይረግፋል። ከታች ኩሱን ካያችሁ ከዚያ ቀጥታ ወደ ላይ ተመልከቱ። ተክሉን ባገኛችሁ ጊዜ ክር እሰሩበት። ማታ በባትሪ ሲታይ ሁሉም ቁጥቋጦ አንድ ይመስላል።

3. ተክሉን አጥኑ። ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፤ ውጤቱን የሚወስነውም ይሄው ነው። አንድ ቅርንጫፍ ፊት ለፊት ቁሙና ዐሥር ደቂቃ ስጡት። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት ወይስ እየተፈራረቁ? እሾሁ ወደየት ያዘነብላል? ቀንበጥ ከየት ይወጣል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ልብ በሉ። ቀንበጥ ከፈለገበት ቦታ አይወጣም። የሚወጣው ቅጠል ግንዱን ከሚገናኝበት ብብት ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ ከሆነም ጠባሳው ከሥሩ ይታያል። ቅርንጫፍ የሚመስለው ትል ግን ይሄን ሥርዓት አያውቅም። ደስ ባለው ቦታ በኋላ እግሮቹ ግንዱን ይጨብጥና ቀሪውን ገላውን ወደ ውጭ ዘርግቶ ይደርቃል። ከሥሩ ብብትም ጠባሳም የሌለው ደረቅ ቀንበጥ ካያችሁ አትለፉት። በማጉያ መነጽር ቅረቡት። ጫፉ ላይ እንቡጥ የመሰላችሁ ጭንቅላቱ ነው። ከጭንቅላቱ ሥር ሦስት ጥንድ ጥቃቅን እግሮች ተሰብስበው ተጣብቀዋል። ብርሃኑን በጎን ብታበሩ ከአፉ ወደ ግንዱ የተወጠረ አንድ ቀጭን የሐር ክር ልታዩ ትችላላችሁ። እንዲያ ተንጋሎ ለሰዓታት የሚቆየው ያ ክር ስለሚደግፈው ነው። ገላው ላይ ያሉት ጉብታዎች የቅርንጫፉን ቋጠሮ ይመስላሉ፤ ቀለሙም ከቅርፊቱ ጋር አንድ ነው። ከእነዚህ ትሎች መካከል ዓይናቸው በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ እንኳን በቆዳቸው ብቻ የቅርንጫፉን ቀለም ለይተው የሚመሳሰሉ እንዳሉ በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ በቀለም ልለየው ብላችሁ አትድከሙ። የሚያጋልጠው የወጣበት ቦታ ነው።

4. ብርሃኑን ከኋላው አድርጋችሁ እዩ። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ከቅርንጫፉ በታች ሁኑና ወደ ሰማይ ተመልከቱ። ፀሐይዋን ራሷን አትዩ፤ ቅጠል ይጋርዳት። ቅጠል ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ የእንስሳ ገላ አያሳልፍም። ቅጠል መሳዩን ፌንጣ ከላይ ብታዩት ክንፉ ላይ የቅጠል ጅማት ሳይቀር ስላለው አትለዩትም። ከታች ስታዩት ግን በሚያበሩ ቅጠሎች መሐል የጠቆረ ቅርጽ ሆኖ ይወጣል። ከገላው የሚረዝሙትን ሁለት ቀጫጭን አንቴናዎቹንም ፈልጉ።

5. አበባውን፣ እሾሁንና የረገፈውን ቅጠል ፈትሹ። አበባ ላይ የምትፈልጉት እንቅስቃሴ ያቆመችን ዝንብ ወይም ንብ ነው። አበባ ላይ አርፋ አልነሳ ካለች፣ ጭንቅላቷም ወደ ታች ከተዘቀዘቀ፣ ከሥሯ የያዛት አለ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የፊት እግሮቹን እንደ ሸርጣን የዘረጋ ሸረሪት ነው። ከእነዚህ ሸረሪቶች አንዳንዶቹ በቀናት ውስጥ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ነጭ ይለወጣሉ። በመስከረም አደይ አበባ ሲፈነዳ ቢጫውን፣ ነጭ አበባ ላይ ነጩን ፈልጉ። አበባው ሥር የወዳደቀ የነፍሳት ክንፍ ካገኛችሁ ሸረሪት ወይም ማንቲስ እዚያ ማዕድ ከርሟል።

ግራር ላይ ጉንዳኑን ተከተሉ። እሾህ መሳዮቹ ነፍሳት የተክሉን ጭማቂ እየመጠጡ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ጉንዳን ደግሞ ለዚያ ብሎ ይመላለሳል። ጉንዳን እውነተኛ እሾህ ዙሪያ የሚቆምበት ምክንያት የለውም። በመስመር ተደርድረው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩ «እሾሆች» ካያችሁ በብሩሽ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ቅረቧቸው። ወደ ሌላኛው የግንዱ ጎን ዞር የሚሉ ከሆነ አገኛችኋቸው። የጭራሮ ከረጢቱን ቀድዳችሁ አትዩ፤ ውስጡ ትሉ ካለ ትገድሉታላችሁ። ጫፉን ብቻ እዩ። አዲስ አረንጓዴ ቁራጭ ተጣብቆበት ከሆነ ባለቤቱ አለ።

ለደረቅ ቅጠል መሳይዋ ቢራቢሮ ቀስ ብላችሁ በረገፈ ቅጠል ላይ ተራመዱ። ከእግራችሁ ሥር ብድግ ብላ ጥቂት በርራ መልሳ ታርፋለች። ያረፈችበትን ቦታ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ያዙ። በዝናብ ወቅት የምትወጣዋ ክንፏ ላይ ዓይን መሳይ ክቦች አሏት፤ የበጋዋ ግን ወደ ደረቅ ቅጠል መልክ ታደላለች። በበጋ ፍለጋ መውጣት የሚያዋጣው ለእሷ ነው።

6. ማታ በባትሪ ተመለሱ። ክር ያሰራችሁበት ተክል ጋ ሂዱ። መጀመሪያ የግንባር ባትሪውን በሙሉ ብርሃን ሳይሆን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ኃይለኛ ብርሃን እርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ያንጸባርቅና ሁሉንም ነጭ ያደርገዋል። ከዚያ የእጅ ባትሪውን በግራ እጃችሁ ይዛችሁ ከጎን አብሩ። በጎን ብርሃን ገላ ያለው ነገር ጥላ ይጥላል። ሥራችሁን የሚሠራላችሁ ጥላው ነው። ቅርንጫፉን ከግንዱ ወደ ጫፉ በመዳፍ ስፋት እየከፈላችሁ እዩ፤ የቅጠሉን ሥርም አትርሱ። እንጨት መሳዩ ቀን ላይ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ የዋለበትን ትቶ አሁን ቅጠል ዳር ቆሞ ይበላል።

እስስትን ያየ ሰው «ቀን ስንት ጊዜ አልፌያት ነበር?» ይላል። ቀን ቅጠሉን መስላ፣ ስትራመድም እንደ ቅጠል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለች ትኖራለች። ስትተኛ ግን ቀለሟ ይገረጣል፤ ጅራቷን ጠቅልላ ቀጭን ቀንበጥ ላይ ወደ ጫፉ ጠጋ ብላ ትተኛለች። ባትሪ ስታበሩባት በጨለማው ቁጥቋጦ መሐል ነጣ ብላ ትታያለች። በደጋችን ያለችው የኢትዮጵያ ደጋ እስስት በዓለም ላይ ከዚህ አገር ውጭ የለችም። ሰው መርዘኛ ናት እያለ ይገድላታል፤ እስስት መርዝ የላትም። ካያችኋት አንድ ሁለት ፎቶ አንሱና ብርሃኑን አንሱላት። ከነቃች በጨለማ ልትወድቅ ወይም ለሌላ አውሬ ልትጋለጥ ትችላለች።

አልትራቫዮሌት ባትሪ ካላችሁ ሌሎቹን አጥፉና በእሱ ብቻ እዩ። ብዙ ትሎች በዚህ ብርሃን ሲመቱ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆነው ያበራሉ፤ ቅጠሉ ግን ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ከብዙ ሜትር ርቀት ትለያላችሁ። አንዳንድ የሻጋታ ዓይነትና የወፍ ኩስም ያበራል፤ ስለዚህ ያበራ ነገር ሁሉ ትል አይደለም፣ ቅረቡና አረጋግጡ።

7. ነጩን ጨርቅ ዘርጉ። በዓይን ካልተገኘ ጃንጥላውን ገልብጣችሁ ከቅርንጫፉ ሥር ያዙ፤ ወይም አንሶላውን ሁለት ሰው ይዘርጋው። ቅርንጫፉን በዱላ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ድንገት ነካ ነካ አድርጉት። ድንገት መሆኑ የሚጠቅመው እንስሳው ጥብቅ አድርጎ ለመያዝ ጊዜ እንዳያገኝ ነው። በቀስታ ብታወዛውዙት ነፋስ መስሎት ይበልጥ ይጨብጣል። ጠንክራችሁ አትምቱ፤ ቅርንጫፉ መሰበር የለበትም። የወፍ ጎጆ፣ ተርብ ወይም ንብ ያለበትን ዛፍ ተዉት።

ከዚያ ጨርቁን ቶሎ አታራግፉት። ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ብዙዎቹ ሲወድቁ እግራቸውን አጣጥፈው የሞቱ መስለው ይጋደማሉ። ነጭ ጨርቅ ላይ እንኳን የወደቀ ጭራሮ ናቸው ብላችሁ ልትጥሏቸው ትችላላችሁ። ዝም ስትሉ አንዱ «ጭራሮ» ተነስቶ መሄድ ይጀምራል።

8. ሳትነኩ አረጋግጡ። ቀስ ብላችሁ እፍ በሉበት። እንጨት መሳዩ ብዙ ጊዜ መልሶ ይወዛወዛል፤ ቅርንጫፍ መሳዩ ትል ይብሱን ይደርቃል። እግር ቁጠሩ። እንጨት መሳይ ነፍሳት ሁለቱን የፊት እግሮች ወደ ፊት ቀጥ አድርገው ስለሚዘረጓቸው አራት እግር ያላቸው ይመስላል። የፊት ጭኑ ሥሩ ላይ ሰርጎድ ያለ ነው፤ ጭንቅላቱ እዚያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጭንቅላቱን ካጣችሁት በሁለቱ የተዘረጉ እግሮች መሐል ፈልጉት። የፊት እግሩ ወፍራምና እሾሃማ ከሆነ፣ ራሱንም አዙሮ ካያችሁ፣ ማንቲስ ነው።

እግሩን ይዛችሁ አትጎትቱ። እንጨት መሳይ ነፍሳት ሲያዙ እግራቸውን ቆርጠው ጥለው ያመልጣሉ። ገና ያላደገው ቆዳ ሲቀይር እግሩን መልሶ ያበቅላል፤ ያደገው ግን እንደጎደለ ይቀራል። የሎሚውን ትል ከነካችሁት ከጭንቅላቱ ኋላ ሹካ የሚመስል ቀላ ያለ ቀንድ ብቅ አድርጎ ይሸታል። አይጎዳችሁም፤ ግን ፈርቷልና ተዉት።

9. ፎቶ አንሱ። ከላይ የተነሳ ፎቶ ምንም አያሳይም፤ መደበቂያው የተሠራው ለዚያ ነውና። ስልኩን ከእንስሳው ጋር እኩል አውርዱና ከጎን አንሱ። ከእንስሳው ኋላ ያለው ነገር ሩቅ ከሆነ ገላው ተለይቶ ይወጣል፤ ካልሆነ ነጭ ወረቀት ከኋላው ያዙለት። ባትሪው ላይ አንድ ንጣፍ ሶፍት ሸፍኑ፤ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ዓይኑ ላይ አነጣጥሩ። አንድ ፎቶ ከሩቅ፣ አንድ ከጎን፣ አንድ የተክሉን ቅጠል በሙሉ የሚያሳይ አንሱ። የሦስተኛው ጥቅም በኋላ ይገባችኋል፤ የነፍሳቱን ዓይነት ለማወቅ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ተክል ላይ ነበር?» የሚል ነው።

10. መዝግቡ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ተክል፣ ርዝመት። ፎቶውን አይናቹራሊስት በሚባለው መተግበሪያ ላይ ብትጭኑት በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች ዓይነቱን በመለየት ያግዟችኋል። እስስት ከሆነች ትክክለኛ ቦታዋን ደብቁ። እስስቶች ለንግድ ስለሚለቀሙ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል፤ እናንተም መንገድ መሪ አትሁኑ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- ብዙ ቦታ በትንሽ ጊዜ ማዳረስ። አንድ ቁጥቋጦ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ጫካውን ከዞረው የበለጠ ያገኛል።
- መድኃኒት የተረጨ ጓሮ ውስጥ መፈለግ። ምንም ያልተበላ፣ ያለ አንድ ቀዳዳ የሚያምር ጽጌረዳ ካያችሁ ወደ ሌላ እለፉ።
- እጅ ላይ የወባ ትንኝ መከላከያ ቀብቶ ነፍሳት መንካት። ቆላ ውስጥ ማታ መከላከያው ያስፈልጋችኋል፤ ግን መዳፋችሁን ታጠቡ፤ በብሩሽም ተጠቀሙ።
- አንዱን አግኝቶ መሄድ። የሎሚ ትል ካገኛችሁ ቅጠሎቹን ሁሉ እዩ፤ ከእንቁላል እስከ ፑፓ በአንድ ዛፍ ላይ ሊገኙ ይችላሉ።
- ከቤት ስትመለሱ ገላን አለመፈተሽ። መዥገር ከጉልበት ጀርባና ከብብት ሥር ይፈለጋል።

ለጥቂት ቀን ቤት ማቆየት ለምትፈልጉ

ልጆች ላሏቸው ይሄ ጥያቄም ይመጣል። እንጨት መሳይ ነፍሳት ወይም የሎሚ ትል ከጓሯችሁ ከሆነ ለጥቂት ቀን ማየት ይቻላል። እስስትን አይሞከርም። ከፓርክና ከጥብቅ ደንም ምንም አይወጣም።

መያዣው ቁመቱ ቢያንስ የነፍሳቱን ርዝመት ሦስት እጥፍ ይሁን። ቆዳውን የሚቀይረው ወደ ታች ተንጠልጥሎ እየተሳበ በመውጣት ነው፤ ቦታ ካጣ ጎብጦ ይደርቅና ይሞታል። ክዳኑ መረብ ይሁን። ያገኛችሁበትን ተክል ቅርንጫፍ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ አቁሙና የጠርሙሱን አፍ በሶፍት ዝጉት፤ አለበለዚያ ገብቶ ይሰምጣል። ከአበባ መሸጫ የተገዛ ጽጌረዳ አትስጡት፤ መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል። ማታ ማታ ቅጠሉን ትንሽ ውኃ ርጩበት፤ የሚጠጣው ጠብታውን ነው። መስኮት ላይ ፀሐይ ውስጥ አታስቀምጡት።

ሲበቃችሁ ያገኛችሁበት ተክል ላይ፣ ማታ፣ መልሱት። የመያዣውን ወለል ከመጥረጋችሁ በፊት በማጉያ መነጽር እዩት። የእንጨት መሳይ እንቁላል እንኳን የተክል ዘር ይመስላል። በብዙ ዓይነቶች ሴቷ ያለ ወንድ ስለምትራባ አንዷን ብቻ ብትይዙም እንቁላል ሊኖር ይችላል። ከሌላ አገር የመጣ ዓይነት ካልሆነ በቀር እንቁላሎቹን ከእናቲቱ ጋር ተክሉ ሥር አፈር ላይ በትኗቸው። ከውጭ የመጣ ከሆነ ግን አገራችን ውስጥ ተባይ ሊሆን ስለሚችል ከቤት አይውጣ፤ እንቁላሉንም በረዶ ቤት አስገብታችሁ ካሳደራችሁ በኋላ ጣሉት።